የ199 ዶላሩ ስልክ ስንት ዶላር ነበር?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 6 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስፕሪንት የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ፓልም የተባለው ድርጅት የሠራውን ስልክ፣ ፓልም ፕሪን፣ መሸጥ ጀመረ። ከ13 ቀን በኋላ፣ አርብ ዕለት፣ ተፎካካሪው ኤቲ ኤንድ ቲ አይፎን 3ጂኤስን አወጣ። በሁለቱም ሱቆች የተለጠፈው ዋጋ ያው ነበር፤ የሁለት ዓመት ውል ለሚፈርም ደንበኛ 199 ዶላር።

በዚያ ቅዳሜና በዚያ አርብ መካከል ግን ጩኸት ተነሣ። የጮኹት ወደ ፓልም የሄዱት አልነበሩም። ከዓመት በፊት፣ ጁላይ 11 ቀን 2008፣ ተሰልፈው አይፎን 3ጂን የገዙት ነባር ደንበኞች ናቸው። አዲሱ ስልክ ለእነርሱ 399 ዶላር፣ ማከማቻው ሰፋ ያለው ደግሞ 499 ዶላር መሆኑን ሰሙ። ከመንገድ ገብቶ ዛሬ የሚፈርመው ሰው በ199 እና በ299 እየወሰደ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሳያጓድል የከፈለው 200 ዶላር ይጨምር ተባለ። ቁጣቸው በትዊተር ላይ የአቤቱታ ፊርማ እስከ ማሰባሰብ ደረሰ።

ጊዜው ርቋል፤ ሁለቱም ስልኮች ዛሬ የሙዚየም ዕቃ ናቸው። ጉዳዩን አንሥቼ የምመረምረው የስልክ ውል ሆዱን ገልጦ ያሳየበት ወር ስለሆነ ነው። ዋጋዎቹ ሁሉ በአደባባይ ተጽፈው ነበርና እርሳስና ወረቀት ይዞ የተቀመጠ ሰው ማን ከማን ምን እንደወሰደ መቁጠር ይችላል። እኔ ቆጥሬ የደረስኩበት፣ ጯሂዎቹ ተበድለው ነበር፤ የተበደሉት ግን በጮኹበት በኩል አልነበረም።

ዕቁቡ

አዲስ አበባ ላደገ ሰው የአሜሪካው አሠራር መጀመሪያ ግራ ያጋባል። እኛ ቀፎውን መርካቶ ወይም መገናኛ ወርደን፣ ተከራክረን፣ ሙሉ ዋጋውን በእጅ ቆጥረን እንገዛለን። ሲም ካርዱ ሌላ ነገር ነው፤ ካርድ ሞላን አልሞላን ቀፎው የእኛ ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ግን ቀፎውን የሚሸጠው ራሱ የመስመሩ ባለቤት ነበር፤ የሚሸጠውም ከእውነተኛው ዋጋ በታች ነው።

የ16 ጊጋባይቱ አይፎን 3ጂኤስ ያለ ምንም ውል ኤቲ ኤንድ ቲ ቤት 599 ዶላር ነበር። በውል 199። መሐል ያለውን 400 ዶላር ኩባንያው በደንበኛው ፈንታ ይከፍላል፤ ስሙ ድጎማ ይባላል። ድጎማ የሚለው ቃል ግን ያሳስታል፤ መንግሥት ለዘይት ወይም ለስንዴ እንደሚያደርገው ያለ ስጦታ ያስመስለዋል። እኔ ዕቁብ ብለው ይሻለኛል። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ የወጣለት ዕቁብተኛ ገንዘቡን ታቅፎ ይሄዳል እንጂ ገና የራሱ አላደረገውም፤ በየሳምንቱ እየጣለ ይመልሰዋል። የዕቁቡ ዳኛ ዋስ አምጣ የሚለውም ለዚህ ነው። በስልኩ ዕቁብ ዕጣው ለሁሉም ሰው በመጀመሪያው ቀን ይወጣል፤ ዋሱ ደግሞ የሁለት ዓመቱ ውል ነው። አራት መቶው ዶላር ለ24 ወራት ሲካፈል በወር 16 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይሆናል፤ ይህም በወርኃዊው ሒሳብ ውስጥ ስሙ ሳይጠራ ተደባልቆ ይገባል።

እንግዲህ አይፎን 3ጂን በጁላይ 2008 የገዛው ሰው በጁን 2009 ከ24ቱ ወራት ግማሹን ያህል ጥሏል። 200 ዶላር ያህል መልሷል፤ 200 ዶላር ያህል ይቀርበታል። ኩባንያው ጨምር ያለው ስንት ነበር? 200 ዶላር። የተጠየቀው ጭማሪ ከቀሪው ዕዳ ጋር ልክክ ይላል። ደንበኛው የጠየቀው ዕቁቡ ግማሽ ላይ ሳለ ሁለተኛ ዕጣ ነው፤ ዳኛው መጀመሪያ የቀረብህን ጣል አለው። በዚህ በኩል ከታየ ኩባንያው አላጠፋም።

ማን አስለመዳቸው?

ታዲያ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ሒሳብ የማያውቁ ሞኞች ነበሩ? አልነበሩም። ያለፉት ሁለት ዓመታት ሌላ ነገር አስተምረዋቸው ነበር።

የመጀመሪያው አይፎን ጁን 29 ቀን 2007 ሲወጣ 8 ጊጋባይቱ 599 ዶላር ነበር፤ ድጎማ የለውም፤ የሁለት ዓመት ውል ግን ነበረው። ሁለት ወር ከጥቂት ቀናት እንዳለፈ፣ ሴፕቴምበር 5፣ አፕል ዋጋውን በአንድ ጊዜ ወደ 399 አወረደው። ቀድመው የገዙት ተቆጡ፤ ስቲቭ ጆብስ በማግሥቱ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ለእያንዳንዳቸው በአፕል ሱቅ የሚመነዘር የ100 ዶላር ዱቤ ሰጠ። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ከጮኹ ይገኛል የሚል ነበር።

ቀጥሎ በ2008 አይፎን 3ጂ መጣ፤ «በእጥፍ ፈጣን፣ በግማሽ ዋጋ» ተብሎ። የመጀመሪያውን አይፎን የያዙ ሁሉ ውላቸው ገና አንድ ዓመት ቢቀረውም በ199 ዶላር እንዲቀይሩ ተፈቀደላቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ስልክ ስላልተደጎመ የሚመለስ ዕዳ አልነበረም። ይህን ምክንያት ግን ማን ለደንበኛው አስረዳው? ሰውየው ያየው፣ ዓመት ሲሞላ አዲሱን ስልክ በ199 ዶላር እንደሰጡት ነው። በ2009 ያንኑ ጠበቀ። በዝምታ የተሰጠ ነገር በዓመቱ እንደ መብት ይቆጠራል።

የ«ግማሽ ዋጋው» ነገርስ? ይህ የማስታወቂያ ጥበብ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። የመጀመሪያው አይፎን ትንሹ ወርኃዊ ክፍያ 59 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር፤ 450 ደቂቃ ንግግር፣ ያልተገደበ ኢንተርኔትና 200 አጭር መልእክት ይዞ። በአይፎን 3ጂ ጊዜ ንግግሩ ብቻውን 39 ከ99፣ ኢንተርኔቱ 30 ዶላር ሆነ፤ 200ዎቹ መልእክቶች ከውስጥ ወጥተው 5 ዶላር ተተመነባቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲደመር፣ በ399 ዶላር የተገዛው የቀድሞው ስልክ 1,838 ዶላር ከ76 ሳንቲም፣ በ199 ዶላር የተገዛው አዲሱ 1,998 ዶላር ከ76 ሳንቲም ይወጣዋል። ዋጋው በግማሽ የወረደው ስልክ በ160 ዶላር ተወዷል።

ሁለቱ ቀፎዎች ጎን ለጎን

ፓልም ይህን ሁሉ ከዳር ሆኖ ይከታተል ነበር። ከፓልም ትልልቅ ባለሀብቶች አንዱ የሆነው የኢንቨስትመንት ድርጅት መሥራች ሮጀር ማክናሚ በማርች 2009 ለጋዜጠኞች ሲናገር፣ ጁን 29 አይፎን የተሸጠበት ሁለተኛ ዓመት መሆኑን ጠቅሶ፣ ከዚያ አንድ ወር በኋላ ከእነዚያ የመጀመሪያ ገዢዎች አንድም ሰው አይፎን ይዞ አይገኝም አለ። ፓልም ንግግሩ የተጋነነ መሆኑን ለአክሲዮን ገበያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ለማስተባበል ተገደደ። ሰውየው የቆጠረው የስልኩን ዕድሜ ሳይሆን የውሉን ዕድሜ ነበር፤ ያ ብልህነት ነው። የሳተው አንድ ነገር ነው፦ ብዙዎቹ በ2008 ወደ 3ጂ ሲቀይሩ አዲስ የሁለት ዓመት ፊርማ ፈርመው ነበር። በሩ ይከፈታል ያለበት ቀን ሲደርስ ቤቱ እንደገና ከተቆለፈ ዓመት ሊሞላው ነው።

ስለ ቀፎዎቹ በአጭሩ ልበል። ክብደታቸው እኩል ነው፤ እያንዳንዳቸው 135 ግራም። ፕሪ 3.1 ኢንች ማያና ወደ ታች ተንሸራቶ የሚወጣ የቁልፍ ሰሌዳ፣ 8 ጊጋባይት ማከማቻና ጀርባውን ከፍቶ የሚቀየር ባትሪ ነበረው። 3ጂኤስ ማያው 3.5 ኢንች ነው፤ በ199 ዶላር 16 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ባትሪው ግን ለባለቤቱ አይከፈትም። ፕሪ ብዙ ሥራዎችን እንደ ካርታ ጨዋታ ደርድሮ በጣት ከአንዱ ወደ ሌላው ይወስዳል፤ ያልተፈለገውን ወደ ላይ ገፍቶ መጣል ነው። አይፎን ይህን በዚያን ጊዜ አይችልም ነበር። ፕሪ ያለ ሽቦ የሚሞላበት ማስቀመጫም ነበረው፤ ለብቻው የሚሸጥ። በሐሳብ ደረጃ ፕሪ ቀድሞ ሄዷል፤ ዛሬ በእጃችን ያሉት ስልኮች በብዙ ነገር የእርሱ ወራሾች ናቸው። ነገር ግን በወጣበት ቀን ለእርሱ የተሠሩት መተግበሪያዎች ሃያ አይሞሉም ነበር፤ አፕል በዚያው ሳምንት ከ50,000 በላይ አሉኝ ብሏል።

ዋጋውም ቢሆን «199» የተባለው በሁለቱ ቤት አንድ ትርጉም አልነበረውም። ስፕሪንት ሱቅ የገባ ሰው የሚከፍለው 299 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው፤ 100 ዶላሩ ቅጽ ሞልቶ፣ ማስረጃውን አያይዞ፣ በፖስታ ልኮ፣ ሳምንታት ጠብቆ የሚመለስ ነበር። ቅጹን መሳቢያ ውስጥ የረሳው ሰው ስልኩን በ300 ዶላር ገዛ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ተመላሽ የደንበኛን መርሳት አስልቶ የሚሠራ ነውና እኔ በዋጋ አልቆጥረውም።

እዚህ ላይ የጉዳዩ እንብርት ይመጣል። ስፕሪንት ለፕሪ ትንሹን ጥቅል በወር 69 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ኤቲ ኤንድ ቲ ዘንድ 39 ከ99 እና 30 ሲደመር፤ እርሱም 69 ዶላር ከ99 ሳንቲም። ደቂቃውም በሁለቱም ቤት 450። እስከ ሳንቲሙ ድረስ እኩል ናቸው፤ የመጽሔት ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ልዩነት አይታይም። ልዩነቱ ያለው አንድ ቦታ ላይ ነው። የስፕሪንቱ ሒሳብ አጭር የጽሑፍ መልእክትን ያለ ገደብ ይጨምራል፤ የኤቲ ኤንድ ቲው አንድም መልእክት የለበትም።

ያለ ጥቅል አንድ መልእክት 20 ሳንቲም ነበር። ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚከብደው ደግሞ ቀጣዩ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ የተቀበለም ይከፍላል። ጓደኛህ «እሺ» ብሎ ቢጽፍልህ ያቺ ሁለት ፊደል 20 ሳንቲም ከአንተ ታስወጣለች፤ እርሱም ከፍሎባታል። ሲላክና ሲመጣ በቀን አሥር መልእክት ያለው ሰው በወር 60 ዶላር ሊከፍል ነው። ስለዚህ ሰው ወደ ጥቅሉ ይሸሻል፤ 5 ዶላር ለ200፣ 15 ለ1,500፣ 20 ዶላር ላልተገደበ። መልእክት ከ160 የማይበልጡ ፊደላት ናት፤ ስልኩ ከማማው ጋር ለመነጋገር አስቀድሞ በሚጠቀምበት መስመር ላይ ተጭና የምትሄድ፣ ኩባንያውን ከምንም የማይቆጠር የምታስወጣ።

ሃያ ዶላር ለ24 ወራት 480 ዶላር ነው። ታክሱን ትተን ሁለት ዓመት ሙሉ ስንደምር፣ ፕሪ ቅጹን በትጋት ለላከ ሰው 1,879 ዶላር ከ75 ሳንቲም፣ 3ጂኤስ ደግሞ ከነያልተገደበ መልእክቱ 2,358 ዶላር ከ76 ሳንቲም ይሆናል። ያ ሁሉ ሕዝብ ለ200 ዶላር አቤት ሲል፣ በሒሳብ ደረሰኙ ታችኛው መስመር ላይ ተኝቶ የነበረውን 480 ዶላር ዝም ብሎ አልፎታል። በዚህ ላይ ሥዕል ያለው መልእክት መላክ በኤቲ ኤንድ ቲ አይፎን ላይ የተጀመረው ሴፕቴምበር 25 ቀን 2009 ነው፤ ስልኩ ከወጣ ሦስት ወር አልፎት።

ጩኸቱ ምን አስገኘ?

ጁን 17፣ ስልኩ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ኤቲ ኤንድ ቲ ተለሳለሰ። በጁላይ፣ በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር 2009 የመቀየር ተራቸው የሚደርስ የአይፎን 3ጂ ደንበኞች ከነገ ጀምሮ በ199 መግዛት ይችላሉ አለ። ዜናው እንደ ድል ተወራ። ተራው በዓመት የሚደርሰው ለማን እንደነበር ማየት ግን ያስፈልጋል፤ ለአንድ መስመር በወር ከ99 ዶላር በላይ ለሚከፍሉት ነው። ሌላው ገና ወራት ይጠብቃል። ዳኛው ቀድሞ ዕጣ የፈቀደው ትልቅ ለሚጥለው ሆነ፤ ለንግድ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሕዝብ ድል ብሎ መጥራት ግን ይከብዳል።

አንድ ቀዳዳ ደግሞ ነበረ፤ ለሒሳብ ወዳጆች ነው የምጽፈው። የኤቲ ኤንድ ቲ የውል ማፍረሻ ክፍያ በዚያን ጊዜ 175 ዶላር ሆኖ በየወሩ 5 ዶላር ይቀንስ ነበር። አንድ ዓመት የቆየ ሰው ቢያፈርስ 115 ዶላር ይከፍላል። ከዚያ እንደ አዲስ ደንበኛ ተመልሶ በ199 ቢገዛ ድምሩ 314 ነው፤ በነባርነቱ ቢቀይር ግን 399። ቁጥሩን ያጣል፤ የማስጀመሪያ ክፍያም አለ፤ ቢሆንም ወጥቶ መግባት ከመቆየት ይረክስ ነበር። ጯሂዎቹ የነባርነት ክብራችን ተነካ ሲሉ በዚህ ነጥብ ብቻ እውነት ነበራቸው። ቀዳዳውም ተደፈነ፤ ከጁን 1 ቀን 2010 ጀምሮ የስማርት ስልክ ማፍረሻ 325 ዶላር ሆነ።

ሃያ አምስተኛው ወር

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ማንም ያልጮኸበት ወር ነው። ጁን 2009 የፈረመው ሰው በጁን 2011 ሃያ አራቱን ወር ጨረሰ። አራት መቶው ዶላር ተመልሷል። ዕቁብ ሲያልቅ ሰው መጣሉን ያቆማል። በሃያ አምስተኛው ወር የመጣው ሒሳብ ግን ያው 69 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው። ስልኬ ደህና ነው፣ አልቀይርም ያለ ቆጣቢ ሰው ከዚያ በኋላ በየወሩ 16 ዶላር ከ67 ሳንቲም ላልወሰደው ስልክ ይከፍላል፤ በዓመት 200 ዶላር። ጁን 2009 አገር የተናወጠበት ገንዘብ ማለት ነው፤ አሁን ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። አሜሪካ ውስጥ ሰው በየሁለት ዓመቱ ስልክ ይቀይር የነበረው ቀፎው ስላረጀ ብቻ አልነበረም፤ ያልቀየረ ይቀጣ ነበር።

የፕሪ ገዢዎችማ ከዚህም ባሰ ገጠማቸው። ፓልምን በ2010 የኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ውል በጁን 2011 አበቃ፤ ኦገስት 18 ቀን 2011 ኤችፒ እነዚህን ስልኮች መሥራት ማቆሙን አስታወቀ። ከፍለው በጨረሱ በአሥረኛው ሳምንት ስልካቸው ወራሽ አልባ ሆነ።

የተቀየረው አሮጌ ቀፎ የት ይሄዳል? ብዙው ለታናሽ ወንድም፣ ለእናት፤ ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ደግሞ በሻንጣ ታጭቆ አዲስ አበባ። የስፕሪንቱ ፕሪ የሲም ካርድ ማስገቢያ እንኳን አልነበረውም። የኤቲ ኤንድ ቲው አይፎን ሲም ይቀበላል፤ ግን ተቆልፏል፤ የሌላ ኩባንያ ካርድ ሲገባበት አይሠራም። ውሉን ጨርሶ የከፈለ ሰው እንኳን ክፈቱልኝ ቢል እስከ ኤፕሪል 8 ቀን 2012 ድረስ አልተፈቀደም ነበር። ስለዚህ የተከፈለበት ስልክ አገር ቤት ሲደርስ ዲኮድ ማስደረጊያ ሌላ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አክስት በስጦታው ላይ ከፍላ ትቀበላለች።

ቀፎውንና መስመሩን በሰፊው የለያየው ሌላው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ቲ ሞባይል ነው። ማርች 26 ቀን 2013 ውል ቀርቷል ብሎ አወጀ፤ አይፎን 5 በቅድሚያ 99 ዶላር ከ99 ሳንቲም፣ ከዚያ 20 ዶላር ለ24 ወራት፤ መስመሩ ለብቻው ከ50 ዶላር ጀምሮ። በሃያ አምስተኛው ወር ሃያው ዶላር ከሒሳቡ ላይ ይወርዳል። ሌሎቹም እያመነቱ ተከተሉ፤ ኤቲ ኤንድ ቲ የሁለት ዓመቱን ውል የዘጋው ጃንዋሪ 8 ቀን 2016 ነው።

የቲ ሞባይል አዋጅ አንድ ወር እንደሞላው የዋሽንግተን ግዛት ዐቃቤ ሕግ ኩባንያውን ጠየቀው። ያለ ውል ተብሎ የገባ ደንበኛ መስመሩን ቢያቋርጥ የቀፎውን ቀሪ ዕዳ በአንድ ጊዜ መክፈል እንዳለበት ማስታወቂያው በግልጽ አልነገረውም ነበር። ኩባንያው ማስታወቂያውን ሊያስተካክል ተስማማ፤ ከማርች 26 እስከ ኤፕሪል 25 ድረስ ስልክ ገዝተው የፈረሙም ቀፎውን መልሰው፣ ገንዘባቸውን ተቀብለው፣ ያለ ቅጣት እንዲወጡ ተፈቀደላቸው።